ቀመር በጽሑፍ መሐል፦ ሥዕል፣ ማትታይፕ፣ የወርዱ ኢኩዌሽን ወይስ ላቴክ?

ግንቦት ሲገባ አዳማ ላይ ሁለት ነገር ይጨምራል፤ ሙቀቱና የመመረቂያ ጽሑፍ። ዩኒቨርሲቲው አካባቢ የኮምፒውተር ጽሕፈት ስለምሠራ ጓደኞቼም ደንበኞቼም አንድ ጥያቄ ይደጋግሙብኛል፦ «ቀመሩን በምን ልጻፈው? የኔ ከመስመሩ ተነሥቶ ቀረ እኮ!» ለእያንዳንዱ በቴሌግራም ድምፅ መላክ ስለታከተኝ ዋጋውን ከነመዘዙ ልጻፈው። ከወዲሁ ልናገር፣ እኔ የማደላው ለወርድ ለራሱ ቀመር መጻፊያ፣ ለኢኩዌሽን ነው። ተጨማሪ ብር አይጠይቅም፣ መስመሩንም አይለቅም።

ባለፈው ዓመት አንድ የምህንድስና ተማሪ ሌላ ቤት ያስጻፈውን 96 ገጽ ይዞ መጣ። ቀመሮቹ በሙሉ ከኢንተርኔት እየተቆረጡ የተለጠፉ ስክሪንሾቶች ናቸው። ቆጠርኳቸው፤ 212። አማካሪው በቀይ እስክሪብቶ «እነዚህ ለምን ይዘላሉ?» ብሎ መልሶለታል። ልጁ ጥፋቱን በፕሪንተር ላይ ነበር ያሳበበው። ፕሪንተሩ ምን በወጣው!

ነገሩ እንዲህ ነው። ወርድ በጽሑፍ መሐል የገባን ሥዕል እንደ አንድ ትልቅ ፊደል ይቆጥረዋል፤ የታችኛው ጠርዙ ፊደሎቹ የቆሙበት መስመር ላይ ያርፋል። ቀመር ግን ከመስመሩ በታችም አካል አለው። የክፍልፋይ ታህት ወደ ታች መውረድ ሲገባው ሥዕል ሲሆን መስመሩ ላይ ቁጢጥ ይላል፤ ላዕሉ ሽቅብ ይወጣል፤ ወርድም ቦታ ልስጠው ብሎ መስመሮቹን ያራርቃል። የመስመር ርቀቱ «ኤግዛክትሊ» ላይ ከተደረገ ደግሞ አናቱን ይቆርጠዋል። እንግሊዝኛ ጽሑፍ ላይ እነ ጂ እና ፒ ጅራታቸውን ወደ ታች ስለሚጥሉ ጉዱ ትንሽ ይሸፈናል። የኛ ፊደል አብዛኛው እግሩን አንድ መስመር ላይ ተክሎ ስለሚቆም ከሩቅ ያስታውቃል።

ጥገናው አለ፤ ግን የእጅ ሥራ ነው። ሥዕሉን መርጦ ኮንትሮል ዲ፣ ከዚያ «አድቫንስድ»፣ «ፖዚሽን» የሚለው ላይ «ሎወርድ»። በ12 ነጥብ ጽሑፍ ውስጥ ጅራት ወይም ግርጌ ቁጥር ላለው ፊደል 2 ነጥብ ያህል፣ ሙሉ መጠን ላለው ክፍልፋይ 8 ነጥብ ገደማ አወርዳለሁ። ስክሪንሾት ሲቆረጥ ከግርጌው የሚተርፈው ነጭ ወረቀት ስለማይመሳሰል ግን እያንዳንዱን በዓይን ማየት ግድ ነው። በአንዱ 3 ብር፣ 212ቱ 636 ብር። ድጋሚ ኅትመት 96 ገጽ በ5 ብር፣ 480። ጥረዛ 150። ልጁ «ነፃ» ብሎ በጀመረው ሥዕል 1,266 ብር ከፈለ።

ወደ ማትታይፕ (ወርድ ላይ የሚጨመር ቀመር መጻፊያ ፕሮግራም) ስንመጣ፣ ዕቃው ጥሩ ነው፤ አልዋሽም። የቀመሩን ጥልቀት ራሱ ለክቶ ለወርድ ይነግረዋል፣ ሥዕሉም በልኩ ዝቅ ብሎ ይቀመጣል። ችግሩ ዋጋው ነው። በየዓመቱ በዶላር የሚታደስ ክፍያ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የብር ምንዛሬ ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ደግሞ በዶላር የሚከፈል ነገር ሁሉ ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ፤ ብሩ ቢኖር እንኳ ውጭ የሚከፍል ካርድ ያለው ስንቱ ነው?

ስለዚህ ሰው ክራክ፣ ማለት ቁልፉ የተሰበረ ሕገ ወጥ ቅጂ፣ ይገዛል። እኔም ገዝቻለሁ፤ በፍላሽ፣ 300 ብር። ሳምንት ሳይሞላው ወርድ በተከፈተ ቁጥር ስሕተት ማሳየት ጀመረ። አንድ ቃል ኮፒ አድርጌ ፔስት ስል እንኳ «ፋይሉ አልተገኘም» ይለኛል። አንዱ አጋዥ ፋይል ትክክለኛው ቦታ ላይ አልተቀመጠም ነበር፤ ይህን ያወቅኩት ግን ኮምፒውተሩን በ400 ብር ፎርማት ካስደረግኩ በኋላ ነው። ዕቃውን ለመመለስ ስሄድ ሻጩ «ወርድህ ነው የተበላሸው» አለኝ። 700 ብርና አንድ ሙሉ ቀን፣ ያውም በግንቦት!

(ከድሮ ወርድ ጋር አብሮ ይመጣ የነበረውን ኢኩዌሽን ኤዲተር የምትፈልጉ ካላችሁ ተዉት። ማይክሮሶፍት በደኅንነት ቀዳዳው ምክንያት ጥር 2018 እንደ ፈረንጆቹ አውጥቶታል። የድሮ የፈተና ወረቀቶች ቀመራቸው እየታየ አልታረም የሚለው በዚህ የተነሣ ነው።)

የወርዱ ኢኩዌሽን ከ2007ቱ እትም ጀምሮ ውስጡ አለ። ኦልትን ይዞ የእኩል ምልክቱን መጫን ብቻ ነው፤ ቁጥር፣ እዝባር (/)፣ ቁጥር፣ ከዚያ ስፔስ ስትሉ ክፍልፋይ ይሆናል። ሥዕል ስላልሆነ መስመሩን ያውቃል፤ በጽሑፍ መሐል ሲገባም ክፍልፋዩ ራሱን አሳንሶ ይገባል። አንድ ወጥመድ ግን አለው። ፋይሉን በ97–2003 ፎርማት ሴቭ ካደረጋችሁት ቀመሮቹ ወደ ሥዕል ይለወጣሉ። «በድሮው ሴቭ አድርገህ አምጣ» የሚል ኅትመት ቤት ካጋጠማችሁ ፒዲኤፍ ስጡት።

እንደ ወርድ ያለው ሊብሬ ኦፊስም ነፃ ነው፤ ቀመሩንም ከመስመሩ ጋር ያስተካክላል። አማካሪያችሁ ወርድ ላይ ሲከፍተው ግን ቅርጹ ሊዛባ ይችላል፤ እኔ ደንበኛ ፊት አልሞክረውም።

ላቴክን (ጽሑፉንም ቀመሩንም በትእዛዝ የሚጽፉበትን ሥርዓት) የሚወድ ወንድሜ ይህን ሲያነብ እንደሚቆጣ አውቃለሁ። ውበት ከሆነ የሚስተካከለው የለም፣ ዋጋውም ዜሮ ነው። በላቴክ የሚሠሩት እንደ ሊክስ ያሉ መጻፊያ ፕሮግራሞች ስክሪን ላይ ቀመሩን በሥዕል ሲያሳዩ እንኳ ከመስመር በታች ያለውን ጥልቀት ለክተው ሥዕሉን ዝቅ ያደርጉታል፤ ስክሪንሾት ለጣፊው የዘለለው ይህችን ልኬት ነው። ነገር ግን ሙሉው ቴክ ላይቭ (ላቴክ የሚጫንበት ጥቅል) ብዙ ጊጋ ባይት ስለሆነ በሞባይል ዳታ የሚያወርደው ሰው የፓኬጁን ዋጋ ያስብ። አማርኛ ለመጻፍም ዚላቴክ የሚባለውን የላቴክ ዓይነትና እንደ አቢሲኒካ ያለ ፎንት ማዘጋጀት አለበት። አማካሪው ወርድ ላይ ኮሜንት ልጻፍ ካለ ደግሞ ልፋቱ ሁሉ ገደል ገባ። የሒሳብ ወይም የፊዚክስ ተማሪ ሆኖ ገና ዓመት የቀረው ይማረው፤ በሰኔ የሚያስረክብ አይንካው።

የኔ ዋጋ እንደሚከተለው ነው፤ ተራ ገጽ 25 ብር፣ በኢኩዌሽን የሚጻፍ ቀመር ያለበት ገጽ 40። ስክሪንሾት ለጥፎ «አስተካክልልኝ» ለሚል ከዘንድሮ ጀምሮ በቀመር 5 ብር ገብቷል፤ ሳልቆጥርም ዋጋ አልናገርም።