ለልጅ ፎቶ የምትመች ቀላል ካሜራ፦ ካኖን ኢኦኤስ አር50 ከ28 ሚሊሜትር ሌንስ ጋር

ደብረ ብርሃን ላይ በአንድ እጁ ልጅ፣ በሌላው ካሜራ ይዞ ለሚወጣ ወላጅ ከምስል ጥራት በፊት የሚታሰበው ክብደት ነው። ካኖን ኢኦኤስ አር50 ባትሪውንና ሚሞሪ ካርዱን ጨምሮ 375 ግራም ሲመዝን፣ ባለ 28 ሚሊሜትሩ ኤፍ 2.8 (የብርሃን መግቢያው የስፋት መጠን) ሌንስ 120 ግራም ይጨምርበታል፤ ሁለቱ ተገጣጥመው ግማሽ ኪሎ ስለማይሞሉ ከጋቢ ሥር አንገት ላይ አንጠልጥሎ መዋል አይከብድም።

ትልቁ ጥቅሙ ግን የፎከስ ሥርዓቱ ነው፤ የሰውን ዓይን ለይቶ ስለሚከተል፣ ዳዴውን ትቶ ድክ ድክ ማለት የጀመረ ሕፃን ወደ ካሜራው ሲመጣ እንኳ ዓይኑ ብዙውን ጊዜ ጥርት ብሎ ይወጣል። ድምፅ አልባው ሹተር (ብርሃን የሚገባበትን ጊዜ የሚወስነው ክፍል) የተኛን ልጅ ሳይቀሰቅስ ያነሳል፤ በአንዳንድ አምፖሎች ብርሃን ግን ምስሉ ላይ መስመር ሊያወጣ ስለሚችል በመስኮት ብርሃን ቢጠቀሙበት ይሻላል።

ካሜራውም ሆነ ሌንሱ የእጅ መንቀጥቀጥን የሚያስታግስ መሣሪያ የላቸውም። ይህን ጉድለት አላጋንነውም፤ የሚሯሯጥን ልጅ አጥርቶ የሚያስቀረው የሹተሩ ፍጥነት ነውና፣ ቤት ውስጥ አይኤስኦውን (ካሜራው ለብርሃን ያለውን ስሜት የሚወስነውን ቁጥር) ከፍ አድርጎ ቢያንስ በ1/250 ሰከንድ ፍጥነት ማንሳት ያዋጣል። ይልቅ የሚያሳስበው የካሜራው አካል ከአቧራ የተከለለ አለመሆኑ ነው፤ በበጋ ነፋስ ደጅ ላይ ሌንስ መቀየር አይመከርም። ብርድም ባትሪ ስለሚያደክም መለዋወጫውን በውስጥ ኪስ መያዝ ይገባል።