ከሳንቃበር እስከ ጨነቅ በእግር፦ ስለ ሦስት ቀን ጉዞ የተጻፈ ግምገማ

ጎንደር ተወልደን ያደግን ብዙዎቻችን የስሜን ተራሮችን የምናውቃቸው በመኪና ነው። ጠዋት ከፒያሳ ተነስተን፣ በአምባ ጊዮርጊስና በዳባት አድርገን 100 ኪሎ ሜትር ያህል ከተጓዝን በኋላ ደባርቅ እንገባለን፤ የመግቢያውን ከፍለን፣ ስካውት (የፓርኩን ጠባቂ) አሳፍረን እስከ ጨነቅ ካምፕ እንዘልቃለን፤ ጭላዳ ባየንበት ቆመን ፎቶ እንነሳና ማታውኑ እንመለሳለን። እኔም ሁለት ጊዜ እንዲሁ አድርጌ ተመልሻለሁ። በኅዳር ወር ግን ከሁለት የሥራ ባልደረቦቼ ጋር ሆነን መንገዱን በእግራችን ሄድንበት፤ ይህን የምጽፈውም የእግር መንገዱ ከመኪናው መንገድ ፈጽሞ የተለየ ሀገር የሚያሳይ መሆኑን የከተማዬ ሰው እንዲያውቅልኝ ስለምፈልግ ነው።

ዝግጅቱ ከባድ አይደለም። ስካውት ይዞ መግባት የፓርኩ ግዴታ ነው፤ አስጎብኚ፣ ምግብ አብሳይና ጓዝ የሚጭኑ ባለ በቅሎዎች ደግሞ ደባርቅ ላይ ይገኛሉ። የመጀመሪያውን ሌሊት 3,250 ሜትር ከፍታ ላይ ባለው ሳንቃበር ማደር ይበጃል፤ ከጎንደር በአንድ ቀን ወጥቶ ወዲያው ከሳንቃበር ከፍ ወደምትለው ግጭ የሚገሠግሥ ሰው ራስ ምታት ሊይዘው ይችላልና። ቀስ ብሎ መሄድ፣ ውኃ ደጋግሞ መጠጣትና በሶ መያዝ ለእኛ በቂ ሆኖልናል።

በሁለተኛው ቀን የተጓዝንበት ከሳንቃበር እስከ ግጭ ያለው መንገድ ብቻውን የጉዞውን ድካም ሁሉ ይክሳል። መንገዱ የገደሉን አፋፍ ይዞ በአስታ ደን ውስጥ ያልፋል። አስታ እዚህ ከሰው ቁመት እጅግ የሚበልጥ ዛፍ ነው፤ ግንዱ ጠማማ፣ ቅጠሉ እንደ መርፌ የደቀቀ ሲሆን፣ ከየቅርንጫፉ እንደ ሽማግሌ ጢም የረዘመ የዛፍ ሽበት (ሊከን) ተንጠልጥሎበታል። እኩለ ቀን ገደማ ከቆላው የተነሳው ደመና ገደሉን ወጥቶ ደኑ ውስጥ ሲገባ፣ አንዳች ዝናብ ሳይዘንብ ከዚያ ጢም ጫፍ ውኃ ይንጠባጠብ ጀመር። እጄን ከሥሩ ዘርግቼ መዳፌ እስኪርስ ድረስ ቆምኩ። ሁሉም ነገር ጸጥ ብሎ ስለነበር ጠብታው ደረቅ ቅጠል ላይ ሲያርፍ ይሰማ ነበር።

ደኑ ሲሳሳ ረግረጉ ይጀምራል። ከሩቅ ላየው ጓሳ የለበሰ ተራ ሜዳ ይመስላል፤ ሲረግጡት ግን መሬቱ ዝቅ ይልና ውኃ በጫማ ዙሪያ ብቅ ይላል። አፈሩ ጥቁርና እንደ ስፖንጅ የላላ በመሆኑ ክረምቱን ሙሉ የጠጣውን ዝናብ ክረምቱ ካለፈም በኋላ በትንሽ በትንሹ ይለቅቀዋል። እነዚያ ቀጫጭን ውኃዎች ተሰባስበው ጅንባር ወንዝን ይመግባሉ፤ ጅንባርም 500 ሜትር ያህል ቁልቁል ወደ ገደሉ ይወረወራል። ፏፏቴውን ከማዶ አፋፍ ላይ ሆነን ቀድመን አይተነው ነበር፤ ከየት እንደሚመጣ የገባኝ ግን ጫማዬ በረግረጉ ሲርስ ነው።

ሦስታችንም ደረቅ መሬት ፍለጋ በየፊናችን ስንበታተን ያዩ አንድ አዛውንት ባለ በቅሎ፣ «ልጄ፣ አረንጓዴውን አይተሽ አትታለዪ፤ በቅሎዋ የረገጠችበትን ተከተይ» አሉኝ። እውነትም ለዓይን የሚያምረው ብሩህ አረንጓዴ ቦታ ውኃ የቋጠረው ነው፤ የሚያስተማምነው ቢጫ ጓሳ የበቀለበት ጉብታ ነው። እርሳቸው በኮንጎ ጫማ ከጉብታ ወደ ጉብታ ሲሻገሩ ተረከዛቸው እንኳ አልረጠበም። ከዚያ በኋላ እስከ ግጭ ድረስ እግሬ አልሰመጠም። ጭቃ የሸሸ መንገደኛ ሁሉ አዲስ ዱካ በከፈተ ቁጥር ሣሩ ተረግጦ አፈሩ ይጋለጣልና፣ በአንድ መስመር መሄድ ለረግረጉም ደኅንነት ሲባል ሊጠበቅ የሚገባው ነገር ነው። ክረምት ላይ ይህን መንገድ አልመክርም፤ ከጥቅምት ጀምሮ ያሉት ወራት ይሻላሉ።

ግጭ 3,600 ሜትር ላይ ናት። ቀድሞ መንደር ነበረባት፤ ነዋሪዎቹ እ.ኤ.አ. በ2016 ወደ ደባርቅ ተዛውረዋል። በቀጣዩ ዓመትም ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. ከ1996 ጀምሮ አደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች መዝገብ አስፍሮት የነበረውን ይህን ፓርክ ከዚያ መዝገብ አውጥቶታል። አዛውንቱ ባዶ ሜዳ እያሳዩ «እዚህ ቤት ነበር፤ እዚያ ገብስ ይዘራ ነበር» ሲሉኝ መልስ አጣሁ፤ ለተፈጥሮው ደስ ቢለኝም ሀገራቸውን ለቀው ለሄዱት ሰዎች ልቤ አዘነ። አሁን በዚያ ሜዳ ላይ ጅብራው እንደ ምሰሶ ቆሟል። ጅብራ ብዙ ዓመት አድጎ አንድ ጊዜ ብቻ ያብባል፣ ከዚያም ይደርቃል፤ ስለዚህ ያበበውንና ደርቆ የቆመውን ጎን ለጎን ማየት ይቻላል። ጭላዳዎቹም በመካከሉ ቁጭ ብለው በሁለት እጃቸው ሣር ይነጫሉ፤ ዝም ብሎ አጠገባቸው ለተቀመጠ ሰው ሣሩ ሲበጠስ ጭምር ይሰማዋል።

ቅሬታዬ አንድ ነው፤ እርሱም መንገዱን የሚመለከት አይደለም። ጉዞውን ያሰናዳልን ድርጅት ለብርዱ የሚሆን ወፍራም ስሊፒንግ ባግ እንደሚያቀርብ ቃል ገብቶ ዋጋውንም ተቀብሎን ነበር፤ ግጭ ላይ የተሰጠን ግን ሳስቶ ያለቀና የአንዱ ዚፕ የተበላሸ ነበር። ጠዋት ስንነሳ ድንኳኑን አመዳይ ሸፍኖት አገኘን። ያን ሌሊት ያወጣን ከቤት የያዝነው ጋቢ ነው። ስንመለስ ኃላፊው ይቅርታ ጠይቀው የዕቃውን ኪራይ መልሰውልናል፤ ቢሆንም የሚሄድ ሰው ገና ጎንደር ሳለ ዕቃውን አስወጥቶ፣ ዘርግቶና ዚፑን ሞክሮ እንዲረከብ አሳስባለሁ።

በሦስተኛው ቀን 3,926 ሜትር ከፍታ ወዳለው እሜት ጎጎ ወጣን። በሦስት ወገን ገደል የከበበው አፋፍ ስለሆነ ነፋሱ ያይላል፤ በማለዳ ካልደረሱበትም ደመናው ይቀድማል። ከዚያ እስከ ጨነቅ ያለው መንገድ ረጅምና አድካሚ ነው። ጨነቅ ስንደርስ ከካምፑ በታች ባለው ቋጥኝ ላይ ሁለት ወንድ ዋልያዎች ቆመው አገኘናቸው፤ ቀንዳቸው ወደ ኋላ ተቆልምሞ ጀርባቸውን ሊነካ ደርሷል። ስካውታችን እንዳንናገር በእጁ ምልክት ሰጠን፤ ዋልያዎቹም ሳይቸኩሉ ቁልቁል ወረዱ።

መመለሻችን በመኪና ነበር። ሳንቃበርን ያለፍነው ሊመሽ ሲል ነው፤ ግማሽ ቀን የሄድንበት የአስታ ደን ከመስኮቱ ሲያዩት ጥቁር ቁጥቋጦ ብቻ መስሎ ጥቂት ደቂቃ ታየና አለፈ።