የፍተሻ መብራት ወይስ መልቲሜትር፦ ካንዴላው እሳት ሲያጣ

ሞተሪኖው (ማስነሻው) ሞተሩን እያዞረ ካንዴላው (ነዳጁን በብልጭታ የሚያቀጣጥለው) እሳት ካልሰጠ፣ ፍተሻውን ከመልቲሜትር (ቮልትና ኦም ከሚለካው መሣሪያ) ይልቅ ባለ አምፖል በሆነው የፍተሻ መብራት መጀመርን እመርጣለሁ። መልቲሜትር የሚስበው የኤሌክትሪክ ፍሰት እጅግ ጥቂት በመሆኑ በተበላ ሽቦ ላይ እንኳ 12 ቮልት ሊያሳይ ይችላል፤ መብራቱ ግን በቂ ፍሰት የሚስብ ጭነት ስለሚሆን ደካማውን መስመር በመደብዘዙ ያጋልጠዋል። በተለመደው ባለ ሁለት ሽቦ ኮይል (የባትሪውን ቮልት ለካንዴላው የሚያበዛው ክፍል) ላይ መብራቱን በባትሪው ፖዘቲቭና በኮይሉ ኔጋቲቭ መካከል አገናኝተን ሞተሩን ስናዞር ብልጭ ድርግም ካለ፣ የክራንክ ሴንሰሩ (የሞተሩን ዘንግ መዞር የሚያነበው) እና የማቀጣጠያው ሞጁል (የኮይሉን ፍሰት የሚያበራና የሚያጠፋው) ትእዛዝ እያስተላለፉ ስለሆነ፣ ጥርጣሬው ወደ ኮይሉና ወደ ኃይል መስመሩ፣ ወደ ካንዴላ ገመዱ ወይም ወደ ካንዴላው ራሱ ይዞራል። ይህን ፈጣን ምት ተራ መልቲሜትር በአግባቡ አያሳይም። ከመኪናው ኮምፒውተር በሚመጡ የምልክት ሽቦዎች ላይ ግን መብራቱን መሰካት ኮምፒውተሩን ሊያቃጥል ስለሚችል፣ በዚያም ሆነ የሴንሰር ኦም (የኤሌክትሪክ መቋቋም) በሚለካበት ቦታ መልቲሜትሩን ብቻ መጠቀም ይገባል።