ሁለት ዓይነት አረንጓዴ፦ ዲዛይን መሸጫ ገበያውን ለወራት ከተጠቀምኩ በኋላ

ዲዛይኔን ኦንላይን መሸጥ ከጀመርኩ ዓመት ሊሞላኝ ነው። የምሸጥበትን ገበያ ስም አልጠራም፤ ቲሸርት፣ ኩባያና ስቲከር ላይ እያሳተሙ ከሚሸጡት ትልልቆቹ አንዱ ነው። እስከ ሰኔ መጨረሻ ድረስ የጠየቀኝን ሁሉ "አሪፍ ነው፣ ግባበት" እል ነበር። አሁን ንዴቴ ገና አልበረደም፤ ሚዛናዊ ግምገማ የፈለገ ሌላ ጋ ይፈልግ።

አሠራሩ ቀላል ነው። ምስል ትጭናላችሁ፤ ገዢ ሲያዝ ማሳተሙንም፣ ማሸጉንም፣ መላኩንም ገበያው ይጨርሰዋል። ዕቃ አትገዙም፣ አታከማቹም። የእናንተ ድርሻ ብዙ ጊዜ ቤዝ በሚሉት መነሻ ዋጋ ላይ የምትጨምሩት መቶኛ ነው። ቤዙ 18 ዶላር ቢሆንና 20 በመቶ ብትጨምሩ፣ ገዢው 21 ዶላር ከ60 ሳንቲም ይከፍላል፤ ለእናንተ 3 ዶላር ከ60 ትደርሳለች። እዚህ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ አንድ ማኪያቶ አትሸፍንም። ይሁን፣ ይህን አውቄ ነው የገባሁት። ኩባያውና ስቲከሩም ያለ ችግር ይሸጣል፤ እሱን እዚህ ላይ ልተወው።

የእኔ ሥራ ጥለት ነው። የሐበሻ ቀሚስ ጥለት በአረንጓዴ፣ ቢጫና ቀይ እሠራና ከሥሩ የከተማ ስም በፊደላችን እጽፋለሁ። ጎንደር፣ ደሴ፣ ሐዋሳ፣ ድሬ። ጥቁር ቲሸርት ላይ ሲወጣ ፏ ይላል። ወይም ፏ ይል ነበር።

አሜሪካ ያላችሁ ታውቁታላችሁ፣ የጁላይ 4፣ የአሜሪካ የነፃነት ቀን ሰሞን የኢትዮጵያውያን የእግር ኳስ ውድድር አለ። በሰሜን አሜሪካ የኢትዮጵያውያን ስፖርት ፌዴሬሽን እ.ኤ.አ. ከ1984 ጀምሮ ከከተማ ከተማ እያዞረ የሚያዘጋጀው ነው። ኳሱን የሚያየው ጥቂት ነው፤ ሌላው የሚሄደው ሰው ሊያይና ሊታይ ነው። እና አንድ የደሴ ሰው፣ ጋሼ የምላቸው፣ ልጆቻቸውንና የልጅ ልጆቻቸውን ይዘው ሊሄዱ ስለነበር አንድ ደርዘን "ደሴ" አዘዙ። በአንድ ትዕዛዝ፣ በአንድ ክፍያ፣ ወደ አንድ አድራሻ።

ዕቃው ደርሷቸው ደወሉልኝ። "ልጄ፣ ሁለት ቡድን ነው እንዴ የላክሽልን?"

የሚቀልዱ መስሎኝ ሳቅኩ። ኋላ ቤታቸው ሄጄ አየሁት። ሁለቱን ቲሸርት ጎን ለጎን ጠረጴዛ ላይ ዘረጉልኝ። የአንዱ አረንጓዴ ጥሬ ጎመን ነው፤ የሌላው ሲቀቀል የዋለ ጎመን። በደበዘዘው ላይ የጥለቱ ቀጭን መስመሮች ጠፍተዋል፤ "ሴ" የምትለዋ ፊደል እግር ላይ ጥቁሩ ጨርቅ አፍጥጦ ይታያል። የአንገቱን መለያ ገልበጥ ሳደርገው የጨርቁም አምራች የተለያየ ነው። ፖስታዎቹን እንዳየሁ ነገሩ ገባኝ፤ ግማሹ የተላከው ከአንድ ስቴት፣ ግማሹ ከሌላ።

ገበያው ራሱ አያትምም። ትዕዛዙን ባዶ ቲሸርት ላለውና ለገዢው ቅርብ ለሆነው ማተሚያ ቤት ይመራዋል። አንዱ ቤት የታዘዘው ሳይዝ ካለቀበት የቀረውን ሌላ ይሠራዋል። ጥቁር ጨርቅ ላይ ደግሞ ቀለም ዝም ብሎ አይታይም። መጀመሪያ ማያዣ ፈሳሽ ይነፋል፣ ከዚያ ነጭ ቀለም ይነጠፋል፣ ሌላው ቀለም ከላዩ ይመጣል። ፈሳሹ በደንብ ካልተነፋ ነጩን ጥጡ ይመጠዋል፤ ነጩ ሲሳሳ አረንጓዴው ይሞታል። እርግጥ ስክሪን ላይ የምናየው የሚያበራ አረንጓዴ በቀለም ሙሉ በሙሉ እንደማይወጣ ዲዛይን የሚሠራ ሁሉ ያውቃል። እኔም አውቃለሁ። እኔ የጠየቅኩት እንደ ስክሪኑ ይሁን ብዬ አይደለም፤ አሥራ ሁለቱ እርስ በርሳቸው ይመሳሰሉ ነው።

አሁን የገበያው ሰው አጠገቤ ቢኖር የሚለውን አውቃለሁ። "ፋይልሽ ጥራት ይጎድለው ይሆናል።" ፋይሌ 4500 በ5400 ፒክስል ነው፤ በ300 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች 300 ነጥብ) ሲታተም 15 በ18 ኢንች፣ የአዋቂ ሰው ደረት ይሸፍናል። ደግሞስ ፋይሉ ለሁለቱም ማተሚያ ቤት አንድ አይደል? "መጠነኛ የቀለም ልዩነት የተለመደ ነው።" መጠነኛ! ጋሼ መነጽራቸውን ሳያደርጉ ነው የለዩት። "በነፃ ድጋሚ እናትማለን።" ታትሞ እስኪደርስ ውድድሩ ያልቃል። "እንግዲያው ገንዘቡን እንመልሳለን።" መለሱ፣ አልካድኩም። ከዚያ ሽያጭ የደረሰኝን ድርሻም መልሰው ወሰዱ። ማተሚያ ቤቱን የመረጡት እነሱ፣ ስሙ የተነሳው የእኔ። ጋሼ ዘንድ የማተሚያ ቤት ስም የለም፤ "የእገሌ ልጅ የሸጠችልን" ነው ያለው።

ስለዚህ ገበያ ልትመርጡ ከሆነ ስለ ኮሚሽን ከመጨቃጨቃችሁ በፊት አንድ ነገር ጠይቁ፦ የሚያትመውን ቤት የሚመርጠው ማን ነው?

እንደ ሬድበብል፣ ዛዝል እና አማዞን ያሉት ገዢውን ራሳቸው ያመጣሉ። ሰው መፈለጊያው ላይ ጽፎ ያገኛችኋል፤ ማስታወቂያ አትከፍሉም። በምትኩ ኅትመቱ ላይ ድምፅ የላችሁም። አማዞን ደግሞ አመልክታችሁ ፈቃድ ካላገኛችሁ አያስገባም። ሬድበብል እ.ኤ.አ. በ2023 ከአንዳንድ ሻጮች የአካውንት ክፍያ መቁረጥ ጀምሯል፤ ነፃ የነበረ ነገር እንደዚያው አይቆይም።

ሌላው መንገድ የራሳችሁን ሱቅ ከፍታችሁ እንደ ፕሪንትፉል ወይም ፕሪንቲፋይ ካለ አታሚ ጋር ማገናኘት ነው። ሁለቱም መነሻቸው ላትቪያ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2024 መጨረሻ መዋሃዳቸውን አሳውቀዋል። ፕሪንቲፋይ ላይ የማተሚያ ቤቱን ዝርዝር አይታችሁ ራሳችሁ ትመርጣላችሁ። ይህቺ ብቻ ብትኖረኝ ጋሼ ቤት ባላፈርኩ። ችግሩ ገዢውን የምታመጡት እናንተ መሆናችሁ ነው። ኤትሲ በሚባለው የኦንላይን ገበያ ላይ ሱቅ ብትከፍቱ ለእያንዳንዱ ዕቃ መለጠፊያ 20 ሳንቲም፣ ሲሸጥ 6.5 በመቶ አለ፤ የክፍያ ማስተናገጃውም ለብቻው ይቆረጣል። ለአሥራ ሁለት አንድ ዓይነት አረንጓዴ ግን እከፍለዋለሁ፣ ደስ ብሎኝ።

አዲስ አበባ ሆናችሁ ልትጀምሩ ያሰባችሁ፣ ከዲዛይኑ በፊት ገንዘቡ በምን መንገድ እንደሚደርሳችሁ አረጋግጡ። አሜሪካ ከኢትዮጵያ ጋር የገቢ ግብር ስምምነት የላትም፤ አሜሪካ ውስጥ ከተገኘ ሮያልቲ፣ ማለትም ለዲዛይኑ ባለቤት ከሚከፈል ድርሻ፣ 30 በመቶ ሊቆረጥ ይችላል። ከ3 ዶላር ከ60 ላይ 30 በመቶ ሲነሳ የሚተርፈውን አስሉት።

እኔ አሁን ከገበያው አልወጣሁም። ኩባያና ስቲከር እዚያው ይሸጣል። ለአንድ ሰው አንድ ቲሸርት ቢያዝም ግድ የለም፤ የሚያስተያየው ሌላ የለውም። ጥለት ያለበትን ጥቁር ቲሸርት ግን አንሥቼ ወደ ራሴ ሱቅ ወስጃለሁ፤ ናሙና በገንዘቤ አሳትሜ ሳላይ ምንም አልለጥፍም። የቡድን ትዕዛዝ፣ የሰርግ ይሁን የማኅበር፣ ከነጭራሹ ኦንላይን አላስገባውም። እዚሁ ሜሪላንድ በስክሪን፣ ማለትም ቀለሙን በወንፊት መሰል ጨርቅ አሳልፎ የሚያትም ሰው አግኝቻለሁ። አረንጓዴውን አንዴ በጥብጦ በዚያው ሁሉንም ያወጣዋል። ለሁለት ለሦስት ፍሬ አያዋጣም፤ ለደርዘን ያዋጣል። ለእንቁጣጣሽ የምታዙ ካላችሁ መጠኑንና ብዛቱን ከነሐሴ አጋማሽ በፊት ላኩልኝ።