ቪዲዮ እያየሁ የገዛሁት ሌዘር መቁረጫ፣ ከ8 ወር በኋላ

እውነቱን ልናገርና ልጀምር፣ ይሄን ማሽን ስገዛ የሚቆረጥ ምንም ነገር አልነበረኝም። የነበረኝ ማታ ማታ አልጋ ላይ ተጋድሜ የማያቸው ቪዲዮዎች ናቸው። ታውቋቸዋላችሁ፣ ጋራዡን ወይ ትርፍ ክፍሉን ወርክሾፕ ያደረገ ሰው፣ ግድግዳው ላይ መሳሪያው በመጠን በመጠኑ ተሰቅሎ፣ ከጀርባው ሐምራዊ መብራት፣ ጥግ ላይ ሶስት 3ዲ ፕሪንተር እየሰራ፣ እሱ መሀል ላይ ቆሞ "ዛሬ ለሄድፎኔ መስቀያ እሰራለሁ" ይላል። እና ለዛች መስቀያ ሌዘሩ ይነሳል፣ ሲኤንሲው (በኮምፒውተር የሚታዘዝ መቁረጫ) ይነሳል፣ አንድ ሚስማር ግድግዳ ላይ ቢመታ ያለቀ ነገር እኮ ነው። ግን አያችሁ፣ ስንስቅበት ስንስቅበት ለካ ውስጥ ውስጡን ገብቶብኛል፣ አንድ ቀን ካርዴን አወጣሁና በብርሃን ጨረር እንጨት የሚቀርፅና የሚቆርጥ 10 ዋት ዲዮድ ሌዘር (ጨረሩ ዲዮድ ከምትባል ትንሽ የኤሌክትሮኒክስ ቁራጭ የሚወጣ) አዘዝኩ።

ብራንዱን አልጠራም። በዚህ ደረጃ ያሉት ቀለማቸው ይለያይ እንጂ ውስጣቸው ያው ነው፣ የአሉሚኒየም ፍሬም፣ ስቴፐር ሞተሮች፣ ቺንጋ፣ አንድ የሌዘር ጭንቅላት፣ አንድ ትንሽ ቦርድ። ስለዚህ እዚህ የምለው ለአብዛኞቹ ይሰራል።

ጥሩውን ላስቀድም። መገጣጠሙ አንድ ሰዓት አልፈጀም፣ ካቻቢቴውም አብሮ ይመጣል። ሲቀርፅ ደግሞ በጣም ያምራል፣ የጨረሩ ነጥብ ከሚሊሜትር አንድ አስረኛ አካባቢ ስለሆነ ከሹል እርሳስ መስመር ይቀጥናል። የመጀመሪያ ቀን የእህቴን ስም በራሳችን ፊደል እንጨት ላይ ቀረፅኩላት (ፅሁፉን ኢንክስኬፕ በሚባለው የስዕል ሶፍትዌር ወደ ፓዝ፣ ማለትም ወደ መስመር ቅርፅ፣ ቀይራችሁ አስገቡት፣ አለበለዚያ ፎንቱ ይበላሽባችኋል)። ቆዳ ላይ፣ ካርቶን ላይ፣ ቀለም የተቀባ ብረት ላይ ሁሉ ሞክሬዋለሁ፣ አላሳፈረኝም። ለቅርፅ ብቻ ከሆነ የምትፈልጉት እዚህ ጋ አቁማችሁ መግዛት ትችላላችሁ።

አሁን ወደ መቁረጡ። መጀመሪያ ዋት የሚባለውን ነገር እንግባባ። አንዳንዶቹ ካርቶናቸው ላይ 40፣ 60፣ 80 እያሉ በትልቁ ይፅፋሉ፣ ስታዩት ግን ከሶኬት የሚስበው ኤሌክትሪክ ነው እንጂ የሚወጣው ብርሃን አይደለም። መጠየቅ ያለባችሁ ኦፕቲካል ፓወሩን ነው። ሰማያዊ ሌዘር ዲዮድ አንዱ 5 ዋት አካባቢ ብርሃን ይሰጣል፣ 10 ዋት የሚባለው ሁለት ዲዮድ ጨረራቸው ተገጣጥሞ ነው፣ 20ው አራት ነው፣ እንደዛ እያለ ይሄዳል። ሌላው ደግሞ የብርሃኑ ዓይነት ነው። የዲዮዱ ብርሃን የሞገድ ርዝመቱ 450 ናኖሜትር አካባቢ፣ ሰማያዊ ስለሆነ ወዲያ ማዶ የሚያሳይ አክሪሊክን (መስታወት የሚመስለውን ጠንካራ ላስቲክ) ዝም ብሎ ያልፈዋል፣ እንደ መስኮት። እኔ ይሄን ያወቅኩት አክሪሊኩን ከገዛሁ በኋላ ነው፣ ማሽኑ ሄደ መጣ፣ ሄደ መጣ፣ ላስቲኩ ላይ ጭረት የለም፣ ስር ያለው ጠረጴዛ ግን ክብ ክብ ሆኖ ተቃጥሏል። አክሪሊክ እንደ ቅቤ የሚቆርጡት ሲኦቱ (የካርቦን ዳይኦክሳይድ ጋዝ) ቱቦ ያላቸው ናቸው፣ የነሱ ሞገድ 10,600 ናኖሜትር ነው፣ አክሪሊክም መስታወትም ይውጠዋል። ይሄ የቤት ሌዘር ወሬ የተጋጋለበት ግሎውፎርጅ የሚባለው ማሽንም (እ.ኤ.አ. በ2015 በ30 ቀን ውስጥ ከ27 ሚሊዮን ዶላር በላይ ቅድመ ሽያጭ የሸጠው) ሲኦቱ ነው፣ የኛ ዓይነቱ አይደለም። ቪዲዮ ላይ ግን ሁለቱም "ሌዘር" ነው ስማቸው፣ አበቃ።

ሁለተኛው የሸወደኝ "በአንድ ዙር ቆረጠው" የሚለው ነገር ነው። ያንን ቪዲዮ ማሽኑን ከገዛሁ በኋላ ተመልሼ አየሁት፣ አሁን ዓይኔ ተከፍቷላ፣ እንጨቱን ሳየው ባስውድ ነው፣ ለስላሳ፣ ነጭ፣ ቀላል። እኔ የነበረኝ ተራ 3 ሚሊ ኮምፔርሳቶ ነው። ኮምፔርሳቶ ደግሞ ውስጡ ኮላ አለው፣ ኮላው ሌዘር ሲነካው ከመቆረጥ ይልቅ ይከስላል፣ ከዛ በላይ አንዳንድ ቦታ ውስጡ የተደፈነ ነው፣ እዛ ጋ ሲደርስ ጨረሩ አይወጣም። አራት ዙር ሄዶ 19 ቁራጭ ወድቆ አንዷ ጥግ ላይ አልለቅ ትላለች፣ በቢላ ስትታገሏት ትሰነጠቃለች። ሰውዬው ውሸት አልተናገረም እኮ፣ እንጨቱ ምን እንደሆነ አልተናገረም እንጂ።

ጭሱ ግን፣ ወይ ጭሱ። ስለዚህ ማሽን አንድ ነገር ብቻ ተናገር ብትሉኝ ጭሱን ነው የምነግራችሁ። የመጀመሪያውን ቀን መኝታ ቤቴ ጥግ ላይ፣ መስኮት ከፍቼ፣ ትንሽዬ ቬንትሌተር አስቀምጬ ጀመርኩ። ጨረሩ ሲነሳ ከስሩ የጧፍ ጫፍ የምታክል ነበልባል አብራው ትሄዳለች፣ መጀመሪያ ደስ ይላል፣ አምስት ደቂቃ ሲሞላው ክፍሉ ግራጫ ሆነ፣ ዓይኔ ማልቀስ ጀመረ፣ ቬንትሌተሩ ጭሱን ወደ ውጪ ሳይሆን ወደ ኮሪደር ነው የሚነፋው። እህቴ ከሳሎን "አንተ ልጅ፣ ቤቱን ልታቃጥለው ነው እንዴ?" አለች። መጋረጃው ሳምንት ሙሉ የተቃጠለ እንጨት ሸተተ፣ እኔም መስሪያ ቤት ሄጄ ካምፕፋየር ነበርክ ወይ ተባልኩ። ኤምዲኤፍ (ከእንጨት ብናኝ ተጣብቆ የሚሰራው ጣውላ) ከሆነ ደግሞ ይባስ፣ ማጣበቂያው ፎርማልዲሃይድ ያወጣል፣ ሽታ ብቻ አይደለም ችግሩ።

ከዛ መግዛት ጀመርኩ። ሽፋን ያለው ሳጥን፣ ጭስ የሚስብ የቱቦ ፋን፣ ባለ 100 ሚሊ ተጣጣፊ ቱቦ፣ መስኮቱ ላይ ቱቦው የሚያልፍበት ቀዳዳ ያለው ጣውላ (እሱን ራሴ ቆረጥኩት፣ በእጅ መጋዝ፣ ሌዘር ይዤ)፣ እና የአየር ፓምፕ። ድምር ከማሽኑ ዋጋ ግማሹን አለፈ። ፓምፑን ግን አልፀፀትበትም፣ ከጨረሩ ጋር አየር ሲነፋ ነበልባሉ ይጠፋል፣ ጠርዙ ከጥቁር ወደ ቡናማ ይመለሳል፣ ሌንሱም ቶሎ አይቆሽሽም። ሌንስ ስል አስታወሰኝ፣ ሁለተኛው ወር ላይ ማሽኑ ደከመ፣ ይቆርጠው የነበረውን መቁረጥ አቃተው፣ ተበላሸ ብዬ ለሻጩ ረጅም የስድብ መልእክት ፅፌ ልልክ ስል ጥጥ በአልኮል ነክሬ ሌንሱን ጠረግኩት፣ ጥጡ ቡና መስሎ ወጣ። መልእክቱን አጠፋሁት። አሁን በየ3 እና 4 ሰዓት ስራ እጠርገዋለሁ።

አደጋውንም በጥቂቱ። እንዲህ ያለ ክፍት የሆነ ሌዘር ክላስ 4 ነው፣ ከሌዘር የአደጋ ደረጃዎች ከፍተኛው፣ ከብረት ላይ ነጥሮ የሚመጣው ብርሃን ሳይቀር ዓይን ያበላሻል። መነፅሩ ለ450 ናኖሜትር ተብሎ የተሰራ መሆን አለበት፣ አብሮት የሚመጣው ስስ አረንጓዴ ነገር እኔን አላሳመነኝም፣ ሌላ ገዛሁ። ፒቪሲ የሚባለውን ፕላስቲክ በፍፁም አታስገቡ፣ ሰው ሰራሽ ቆዳ የሚባለው ብዙ ጊዜ ፒቪሲ ነው፣ ሲቃጠል ክሎሪኑ ሃይድሮጅን ክሎራይድ ሆኖ ይወጣል፣ ሳንባችሁንም ማሽኑንም ይበላል፣ ብረቱ ዝገት ሲያወጣ በዓይናችሁ ታዩታላችሁ። እና እየሰራ ትታችሁት አትሂዱ። ቪዲዮ ላይ ሰውዬው ማሽኑን አስነስቶ ወደ ሌላ ጠረጴዛ ሲሄድ ባየሁ ቁጥር አሁን ልቤ ይንጠለጠላል።

ይሄ አለመሄድ የሚባለው ነው ጊዜ የሚበላው። 20 በ20 ሴንቲ ፎቶ ልትቀርፁ ነው እንበል፣ በመስመር መሀል 0.1 ሚሊ ከሆነ 2,000 መስመር ነው፣ በሰከንድ 100 ሚሊ ቢሄድ እያንዳንዱ መስመር 2 ሰከንድ፣ በድምሩ 4,000 ሰከንድ፣ ከአንድ ሰዓት በላይ ማለት ነው፣ ጭንቅላቱ ዳር ላይ ሲዞር የሚያባክነውን ሳንቆጥር። ቪዲዮው ላይ 8 ሰከንድ ነው፣ ከሙዚቃ ጋር።

ሳጥን ልስራ ብዬ የተዋረድኩትንም ልንገራችሁ። ጥርስ በጥርስ የሚገጣጠም ሳጥን የሚነድፍ ድረ ገፅ አለ፣ ልኩን አስገብታችሁ ፋይሉን አውርዳችሁ ትቆርጣላችሁ። ቆረጥኩ፣ ገጣጠምኩ፣ አነሳሁት፣ ስድስቱም ገፅ ጠረጴዛው ላይ ተበተነ። ለካ ጨረሩ ራሱ እንጨት ይበላል፣ ከርፍ ይሉታል፣ የኔ 0.16 ሚሊ አካባቢ ነው፣ ትንሽ ይመስላል ግን ጥርሱም ቀዳዳውም ላይ ሲደመር ሁሉ ነገር ላላ ይላል። ሶፍትዌሩ ላይ ማካካሻ የሚሞላበት ቦታ አለ። ሶስት ሳጥን አበላሽቼ አራተኛው ላይ ጥርሱ በመዳፍ ግፊት ቀጭ ብሎ ሲገባ፣ ያለ ኮላ ሲቆም፣ ማንም ሰው ቤት ስላልነበረ ለራሴ አጨበጨብኩ።

እና እነዚህ የቪዲዮ ሰዎች ይዋሻሉ ወይ? አይመስለኝም። ዝም ብዬ ሳስበው ለነሱ ማሽኑ ሳጥን አይደለም የሚሰራላቸው፣ ቪዲዮ ነው። እኔ የሌዘሩን ዋጋ የምመልሰው ስንት ሳጥን ሸጬ ነው፣ ቪዲዮ ሰሪው ካርቶኑን ሲከፍት ገና ስራውን ሰርቶ ጨርሷል። ብዙ ጊዜ ማሽኑ ለሪቪው በነፃ የተላከለት ነው፣ ከስር ያለውን ሊንክ ነክታችሁ ከገዛችሁ ደግሞ ኮሚሽን አለው፣ ዩቲዩብ ቪዲዮው ሲጀምር ጥግ ላይ የተከፈለበት ማስታወቂያ አለበት የምትል መስመር ያሳያል፣ እኔ ያችን መስመር ለዓመታት አንብቤያት አላውቅም። ለስድስት ሳምንት የተጠቀመበትን ማሽን ጥግ ላይ አቧራ ለብሶ ሳየው፣ ሰባተኛው ሳምንት ላይ አዲስ እንደመጣለት ይገባኛል። የሚያስቀናኝ ማሽኑ ሳይሆን ቦታው ነው። ጭሱ ወዴት እንደሚሄድ የማይጨነቅበት ክፍል አለው፣ የተበላሸው ጣውላ የሚጣልበት ጥግ አለው፣ ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ሙሉ ሶስት ዙር ወይስ አራት እያለ የሚሞክርበት ሰዓት አለው። ያንን ሊንኩ ስር አላገኘሁትም።

ከአምስት አራት እሰጠዋለሁ፣ ለማሽኑ። ቅርፅ ላይ አምስት፣ መቁረጥ ላይ ሶስት ተኩል፣ አብሮት የመጣው መመሪያ ላይ አንድ፣ እሱም ስዕል ስላለው ነው። መስኮት የሌለው ክፍል ውስጥ የምትኖሩ አትግዙ። መስኮት ካላችሁ 10 ዋት ይበቃችኋል፣ 20ው ፈጣን ነው ግን እሱ ሲፈጥን ጭሱም አብሮ ነው የሚፈጥነው። ከማሽኑ በፊት ፋኑንና ቱቦውን እዘዙ።

ማሽኑን ልሸጠው ነው ብዬ ቀደም ሲል ፅፌ ስለነበር በውስጥ መስመር የጠየቃችሁኝ አላችሁ። ሀሳቤን ቀይሬያለሁ፣ እህቴ ለቁም ሳጥኗ መሳቢያ ከፋፋይ አዛኛለች፣ 14 ቁራጭ፣ ቅዳሜ ይቆረጣል።