ማት ስክሪን ፕሮቴክተር፦ ብርሃኑን አያጠፋም፣ ይበትነዋል

የማት፣ ማለትም የማያብረቀርቅ ገጽ ያለው የስልክ ስክሪን መሸፈኛ፣ ማሸጊያው ላይ «ነጸብራቅ ያስቀራል» ይላል። እንዳታምኑት። እኔ ግን ከስልኬ ላይ የማነሳው አይመስለኝም።

ሥራዬ ጽሑፍ ማረም ነው፤ ብዙውን በስልክ አነባለሁ። በተራው አንጸባራቂ መስታወት ከጣሪያው አምፖል ጋር ትግል ነበር። አንገቴን ባዘነብል አምፖሉ አይለቀኝም። መስታወት ፊት ለፊት ከሚያርፍበት ብርሃን ከአንድ ገጹ የሚመልሰው 4 በመቶ ያህሉን ብቻ ነው። ግን ገጹ ለስላሳ ስለሆነ ብርሃኑ መስመሩን ሳይስት ይመለሳል፤ አምፖሉም ከነቅርጹ ይታያል። ለዚያውም ምስሉ የሚታየው ስክሪኑ ላይ ሳይሆን ከስክሪኑ ጀርባ ነው፤ አምፖሉ የራቀውን ያህል ርቆ። ዓይን ደግሞ ቅርቡን ፊደልና ሩቁን አምፖል በአንዴ አጥርቶ ማየት አይችልም።

ማቱ ገጽ በዓይን የማይለዩ ጉብታዎች ስላሉት ብርሃኑን በየአቅጣጫው ይረጨዋል። የአምፖሉ ቅርጽ ይጠፋና ነጣ ያለ ብዥታ ብቻ ይቀራል። ቤት ውስጥ ለማንበብ አንደኛ ነው።

ደጅ ሲወጡ ነው ጉዱ። የተበተነው ብርሃን የትም አልሄደም። ፀሐይ ካረፈችበት ስክሪኑ በሙሉ ይነጣል፤ ጥቁሩ ግራጫ ይሆናል። አንጸባራቂው ቢሆን ስልኩን ዘወር አድርጎ ማምለጥ ይቻላል። በዚህኛው መሸሻ የለም። ፎቶ ለማየትም አልወደድኩትም። ነጭ ገጽ ሲከፈት አሸዋ የተነሰነሰበት ይመስላል፤ ጉብታዎቹ የፒክስሎቹን (ምስሉን የሚሠሩትን ጥቃቅን ነጥቦች) ብርሃን እኩል ስለማያሳልፉ ነው፣ አንዱን ያደምቃሉ፣ ሌላውን ያደበዝዛሉ።

ነገሩን በዓይናችሁ ማየት ከፈለጋችሁ ጥግ ላይ ትንሽ ውሃ ቀቡበት። ውሃው ስርጉዶቹን ሞልቶ ገጹን ያስተካክለዋል። እዚያች ቦታ ላይ ብቻ ፊደሉ ጥርት ይላል፤ አምፖሉም፣ ምን ይደረግ፣ ተመልሶ ብቅ ይላል።

ስትገዙ ሳትለጥፉት በፊት የታተመ ወረቀት ላይ አስተኙት። ፊደሉ ይነበባል። በጣት ውፍረት ከፍ ስታደርጉት ይደበዝዛል። ሻካራው ገጽ ከምስሉ በራቀ ቁጥር ጥራቱ ይወርዳል ማለት ነው፤ ስለዚህ ቀጭኑን ምረጡ። አቧራም ከሥሩ አይግባ፤ አረፋ ይፈጥራል።

በእርግጥ ነጸብራቅን የሚቀንሰው ሌላ ዓይነት ነው፦ ፀረ ነጸብራቅ ቅብ ያለው። ቅቡ 100 ናኖሜትር (የሚሊሜትር አንድ አሥር ሺህኛ) ገደማ የሚሆን ስስ ንብርብር ነው፤ ከላዩና ከሥሩ የሚመለሱት የብርሃን ሞገዶች እርስ በርስ ይጣፋሉ። ሁሉንም ቀለም እኩል ስለማያጠፋ ወደ ጎን ሲያዩት ሐምራዊ ወይም አረንጓዴ ይላል። ፎቶ የምታርሙ ከሆነ እሱን ፈልጉ። የጣት አሻራ ግን ቶሎ ያጋልጣል፤ መጥረጊያ ጨርቅ ከኪሳችሁ አይጥፋ።