«ኦሪጅናል ነው» ተብሎ የሚሸጠውን «ዘ ሀንገር ጌምስ» ከመግዛታችሁ በፊት ገልጣችሁ እዩ

ለልጆቻችሁ ወይም ለታናናሾቻችሁ የ«ዘ ሀንገር ጌምስ»ን ሦስት መጻሕፍት በአንድ ላይ ለመግዛት ያሰባችሁ ካላችሁ፣ እባካችሁ ገንዘባችሁን ከመላካችሁ በፊት ይህን አንብቡ። እኔ 2,400 ብር ከፍዬ ያገኘሁት አንድ ጎዶሎ መጽሐፍ፣ አንድ ማጠቃለያና አንድ በፊደል ስህተት የተሞላ ቅጂ ነው። ሻጩ በቴሌግራም የሚሠራ ሰው ነው። ስሙን አልጽፍም፤ ነገ በሌላ ስም ሊመጣ ይችላልና። የሚያጋልጡት መጻሕፍቱ ላይ ያሉት ምልክቶች ናቸው፤ እነሱን ላሳያችሁ።

መጽሐፉን የገዛሁት ለ14 ዓመቷ እህቴ ነው። ሱዛን ኮሊንስ የመጀመሪያውን ክፍል ያሳተመችው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2008 ሲሆን ታሪኩ የሚፈጸመው ፓነም በምትባል የወደፊት አገር ነው። አንድ ባለጸጋ ዋና ከተማና 12 ግዛቶች አሉ፤ በየዓመቱ ከየግዛቱ ከ12 እስከ 18 ዓመት የሆናቸው አንድ ወንድና አንዲት ሴት በዕጣ ተመርጠው በቴሌቪዥን እየታዩ እስከ ሞት ይፋለማሉ። እህቴን የያዛት ግን ፍልሚያው አልነበረም፤ ዕጣው ነው። የድሃ ልጅ ለአንድ ሰው ለዓመት የሚሆን ጥቂት እህልና ዘይት ሲቀበል ስሙ በዕጣው ሳጥን ውስጥ አንድ ጊዜ ይጨመርበታል፤ ይህም ከዓመት ዓመት እየተደመረ ይሄዳል። ባለታሪኳ ካትኒስ በ16 ዓመቷ ስሟ 20 ጊዜ ገብቷል። እህቴ ይህን ለእናታችን ስትነግራት እማዬ ምስር እየለቀመች ነበር፤ ሰፌዱን ጉልበቷ ላይ አድርጋ «ታዲያ ይሄ ዕጣ ሳይሆን የድሃ ልጅ መልቀሚያ ነው» አለች። አንድ መጽሐፍ ቤታችን ውስጥ እንዲህ ዓይነት ወሬ ሲያስነሳ በጣም ደስ አለኝ። የተናደድኩትም ለዚህ ነው።

በአራተኛው ቀን እህቴ መጽሐፉን ይዛ መጣችና «ሩ የት ሄደች?» አለችኝ። ሩ የ12 ዓመት ልጅ ናት፤ በፍልሚያው ሜዳ ከካትኒስ ጋር ያበረች። አንብባ ያላስተዋለችው ነገር ይኖራል ብዬ መጽሐፉን ተቀበልኳት። ገጽ 224 ላይ ካትኒስ ሩን ልትፈልግ እያሰበች ነው። ቀጥሎ ያለው ገጽ 257 ነው፤ እዚያ ላይ ካትኒስ የቆሰለ ልጅ ታስታምማለች፤ ሩ የለችም። ምዕራፍ 17ን ያነበበ ሰው ቀጥሎ የሚያገኘው የምዕራፍ ቁጥር 20 ነው። የዚሁ መጽሐፍ ሦስተኛ ክፍል መክፈቻ ገጽም የለም። የልቦለዱን ልብ አውጥተው የቀረውን ነው የሸጡልን። እህቴ እኔ ገጹን የቀደድኩት መስሏት ነበር፤ «አንተ ነህ?» ብላ ስታየኝ የተሰማኝን አልረሳውም።

ገጾቹ የጎደሉት በአጋጣሚ ተቀድደው አይደለም። መጽሐፍ በትልልቅ ወረቀት ላይ ይታተማል፤ ብዙ ጊዜ 16 ወይም 32 ገጽ በአንድ ወረቀት ላይ ወጥቶ ይታጠፍና ከሌሎቹ ጋር ይጠረዛል። ከ225 እስከ 256 ቁጠሩት፤ ልክ 32 ገጽ ነው። አንዱን እጥፍ ሳያስገቡ ጠርዘውታል ማለት ነው፤ ማንም መለስ ብሎ አላየውም። ስለዚህ መጽሐፍ በእጃችሁ ሲገባ መጀመሪያውንና መጨረሻውን ብቻ አትዩ፤ መሐሉን በአውራ ጣታችሁ እየለቀቃችሁ የገጽ ቁጥሮቹን ተከታተሉ። የሦስቱም መጻሕፍት አሠራር አንድ ነው፤ እያንዳንዳቸው በሦስት ክፍል የተከፈሉ 27 ምዕራፎች አሏቸው፤ በየክፍሉ ዘጠኝ ዘጠኝ። ይህን ካወቃችሁ ለማጣራት ሁለት ደቂቃ አይፈጅባችሁም።

ሁለተኛው መጽሐፍ ደግሞ ከዚህ የባሰ ነው። ሽፋኑ የ«ካቺንግ ፋየር» ነው፤ ውስጡ ግን 90 ገጽ የማይሞላ ማጠቃለያ ነው። ሻጩ ውፍረቱ እንዳያስታውቅ ወፍራም ወረቀት ተጠቅሟል። እዚህ ላይ የሚያጋልጠው አተራረኩ ነው። በእውነተኛው መጽሐፍ የምትናገረው ራሷ ካትኒስ ናት፤ «እኔ» እያለች፣ ነገሩ አሁን እየሆነ እንዳለ አድርጋ ነው የምትተርከው። የገዛሁት ግን «ካትኒስ እንዲህ አደረገች፤ ከዚያም ወደ እዚህ ሄደች» እያለ የሌላ ሰው ታሪክ አድርጎ ይዘረዝራል። ማንኛውንም ገጽ ገልጣችሁ ሦስት መስመር ብታነቡ ይታወቃል። እንግሊዝኛውን ብዙም የማታነቡ ወላጆች፣ ልጁን ራሱን አንብብልኝ በሉት።

ሦስተኛው ሙሉ ነው፤ ግን በማሽን ከተነበበ ቅጂ የታተመ በመሆኑ በፊደል ስህተት ተሞልቷል። በእንግሊዝኛው «አር» እና «ኤን» ተጠጋግተው ሲጻፉ ማሽኑ «ኤም» እያደረገ ያነባቸዋል። ስለዚህ መቃጠልን የሚናገረው ቃል በየቦታው መቀመጫን የሚያመለክት ቃል ሆኖ ተቀምጧል። እንግሊዝኛ ለመማር የምታነብ ልጅ ይህን እንዴት ትለየው?

ከኋላ ያለው ባለ 13 አሃዝ የመጽሐፍ መለያ ቁጥር (ISBN) ትክክል ስለሆነ አትዘናጉ። እኔ የገዛሁት የመጀመሪያው መጽሐፍ ጀርባ ላይ 9780439023528 የሚል ቁጥር አለ፤ ይህ በርግጥም የአሜሪካው አሳታሚ ለስስ ሽፋኑ እትም የሰጠው ቁጥር ነው። ሽፋኑ ፎቶ ተነስቶ ስለተቀዳ ቁጥሩም አብሮ ተቀድቷል። ስለዚህ ውስጥ ባለው የኅትመት መረጃ ገጽ ላይ ያው ቁጥር መኖሩን አረጋግጡ፤ የእኔ መጽሐፍ ያ ገጽ ጭራሽ የለውም። የሁለተኛው ቁጥር ደግሞ የፈጠራ ነው። ይህንንም ራሳችሁ ማጣራት ትችላላችሁ፤ ከግራ ጀምራችሁ አንዱን አሃዝ በ1፣ ቀጣዩን በ3 እያባዛችሁ እስከ መጨረሻው ደምሩ። ድምሩ ለ10 ሳይተርፍ ካልተካፈለ እንዲህ ያለ ቁጥር የለም። የእኔ 87 መጣ።

ሻጩ «አራተኛውን ክፍል ከፈለጋችሁ ታሪኩ የሚቀጥልበት አለኝ» ብሎኝም ነበር። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2020 እና በ2025 የወጡት ሁለት መጻሕፍት ከካትኒስ ታሪክ በፊት የሆነውን የሚተርኩ ናቸው፤ ቀጣይ ናቸው ብሎ የሚሸጥላችሁ ሰው ወይ አላነበባቸውም ወይ እየዋሸ ነው።

ስደውልለት መጀመሪያ «የማተሚያ ቤቱ ስህተት ነው» አለኝ። ቀጥሎ «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም»። የጎደሉትን ገጾች ፎቶ ስልክለት ዘጋኝ። ደረሰኝ አልያዝኩም፤ ትልቁ ጥፋቴ እሱ ነው። የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ጉድለት ያለበት ዕቃ የገዛ ሰው እንዲለወጥለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት የመጠየቅ መብት ይሰጠዋል፤ ግን ደረሰኝ በሌለበት ከማን እንደገዛሁ በምን አስረዳለሁ? አድራሻ ያለውን መደብር ምረጡ። በብሔራዊ ቴአትር አካባቢ ካሉት መጽሐፍ አዟሪዎች ያገለገለ መጽሐፍ ብትገዙ እንኳ ቢያንስ ቆማችሁ ትገልጡታላችሁ። በላስቲክ የታሸገ ከሆነ ከመክፈላችሁ በፊት ይከፈትልኝ በሉ፤ እንቢ ካለ ተዉት።

እህቴ ሙሉውን ቅጂ ከክፍል ጓደኛዋ ለሁለት ቀን ተውሳ ከገጽ 225 ጀመረች። ማታ ዓይኗ ቀልቶ ወጣች፤ ስለ ሩ ሁለተኛ አልጠየቀችኝም።

እኔ የገዛሁት ጥቅል ፎቶው ላይ ሦስቱ መጻሕፍት ቀይ ጨርቅ ላይ ተደርድረው ይታያሉ፤ የሁለተኛው መጽሐፍ ጽሑፍ በጀርባ ጥራዙ ላይ ወደ ግራ ያዘነበለ ነው። ትናንት ያው ፎቶ እንደገና ተለጥፎ አይቻለሁ። ዋጋው 2,700 ብር ሆኗል።